ለፍየሉ መርፌ፣ ለልጄ ብረት

ባለፈው ኅዳር፣ ማለዳ ላይ፣ ጓዳ ሆኜ የማሽላ ዱቄት ስነፋ ድምፅ ሰማሁ። ውሻ መሰለኝ። ከሚሴ ውሻ አጥታ አታውቅም፤ ከአስፋልቱ ዳር ያሉት ሥጋ ቤቶች አጥንት ስለሚጥሉ ከየሰፈሩ ተጠራርተው ይመጣሉ። ይህ ድምፅ ግን ከውጭ አልነበረም። እጄን አራግፌ ወደ ሳሎን ብወጣ ያሲን ነው። ያሲን የትልቋ ልጄ የዘሀራ የልጅ ልጅ ነው፤ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። እናቱ ሙና ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። ሳሉ የሰው ሳል አይመስልም፣ እንደ ቡችላ ይጮኻል፤ አየር ሲስብ ደግሞ ጉሮሮው ያፏጫል። ድምፁ ተዘግቶ ማልቀስ እንኳ አቅቶታል።

ዘሀራ አጠገባቸው ቆማ ስልኳን ትጎረጉራለች።

«እንጥሉ ወርዷል» አለች። «ሰውየው ዛሬ ከጨፋ ሮቢት ገበያ አይጠፋም። ልደውልለት፣ በሚኒባስ አንድ አፍታ ነው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«የአባባ ልጅ ነዋ እማዬ፤ ሌላ ማን አለ?»

ለማያውቅ ሰው ልንገር። እንጥል ማለት ጉሮሮ መግቢያ ላይ የምትንጠለጠለው ትንሽ ሥጋ ናት። በእኛ አገር ልጅ ሲያስለው፣ ወተት ሲያስመልሰው፣ ሲከሳ፣ እንጥሉ ወርዶ ነው ይባልና ቆራጭ ይጠራል። ዘሀራ አባባ የምትለው ቆራጩን ነው። እሷን በሕፃንነቷ የቆረጣት እሱ ነው፤ ከሞት ያተረፈኝ እሱ ነው ብላ ነው ያደገችው። እስኪሞት ድረስ በየዒዱ ዳቦ ጋግራ፣ ቴምር ጨምራ ትወስድለት ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ሥራውን ለወረሰው ልጁ ትወስዳለች።

«አትደውዪ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። እኔ በልጆቼ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ ያን ዕለትም ከፍ አላደረግሁም። «እኔን አላዳነኝም?» አለች፣ በዚያ በአፍንጫዋ በሚወጣው ድምፅዋ።

እሷ የምታውቀው ሰው የነገራትን ነው። እኔ ዝም ያልኩትን ግን የነገራት የለም።

እኔን የዳሩኝ በአሥራ አምስት ወይ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቆጥሮ የያዘልኝ ሰው አልነበረም። የባሌ ቤት ከጨፋ ሜዳ በላይ፣ ተረተሩ ላይ ነበር። ጨፋን ዛሬ ከመኪና መስኮት የሚያየው ሰው የያኔውን አያውቀውም። በበጋ ሌላው አገር ሁሉ ሲገረጣ እሱ አረንጓዴ ነው፤ ሳሩ የቆመን ሰው እስከ ብብቱ ይውጠዋል። አፋሮቹ ከነግመላቸው፣ ከነከብታቸው ወጥተው እዚያው ይከርማሉ። ጠዋት ከላይ ሆነን ስናይ በጭጋጉ መሃል የግመሎቹ አንገት ብቻ ይታየናል። ወተት ይዘው ይመጡና በማሽላ ይለውጡናል፤ ያ ወተት ጭስ ጭስ ይላል፣ ጣዕሙ እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ። እንግዲህ የእኔ ወሬ እንዲህ ነው፣ ሳር ካየ አይመለስም። ልመልሰው።

ያኔ ሙሽራ ስሟ እንኳ የራሷ አልነበረም። የባሌ እናት ገና ደጁን እንደረገጥኩ «ብርቄ» ብላ ስም አወጣችልኝ፤ በፍቅር ነው ያወጣችው። የእሷንና የባሌን አባት ስም ግን እኔ በአፌ አላነሳም፣ ነውር ነው። ሁለቱንም አፈር ከተጫናቸው ስንት ዘመናቸው፣ ዛሬም ስማቸውን ልጥራ ብል ከንፈሬ አይላቀቅም። እሷን እማማ እላታለሁ፤ እሱን እንደ አገሩ ሰው ሐጂ። ሐጂ ፊት ጭራሽ ቃል አላወጣም። እሱ ሲገባ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ከመጋረጃው ኋላ እገባለሁ። የሚያስፈልገኝ ነገር ካለ ለባሌ እነግራለሁ፣ ባሌ ለአባቱ ይነግርልኛል። ክፉዎች አልነበሩም። ሐጂ ከገበያ ሲመጣ ለእኔ ብሎ ለብቻው የቋጠረውን ሎሚ መጋረጃው ሥር አኑሮ ይሄድ ነበር። ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ ንዴቴ ይቀለኝ ነበር።

ሐጂ የፍየል ነጋዴ ነው። ከሰንበቴ ገበያ የቆላ ፍየል ይገዛና አደልቦ ለአረፋ ይሸጣል። ያን ዓመት ሠላሳ ያህል በረት ውስጥ ነበሩ፤ ባሌ ሌላ ሊጨምር ቆላ ወርዷል። ዘሀራ የበኩር ልጄ ናት፣ መራመድ ጀምራለች። ማሽላው ታጭዶ፣ የጠዋቱ ብርድ ጣት በሚያደነዝዝበት ሰሞን አንዲት ቀይ ፍየል ማሳል ጀመረች። ሐጂ በረቱ ውስጥ ተንበርክኮ ጆሮውን ጎኗ ላይ ለጠፈ። ዕድሜውን ሙሉ ከፍየል ጋር ኖሯልና ብዙ አላዳመጠም። «ሳንባ ነው» አለ።

የፍየል ሳንባ የሚባለው በሽታ የገባበት በረት ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባዶ ይሆናል። ያን ቀን የሠራውን ሥራ ብታዩ። የሚያስሉትን ለየና ከቤቱ ጓሮ ለብቻቸው አሰረ። በቀሩት ዙሪያ የግራር እሾህ አጠረ። ፍየል ያለው ጎረቤት እንዳይጠጋ ከለከለ። ለእኛ ደግሞ የበሽተኞቹን ውሃ የሰጠ ሰው እጅ እግሩን በአመድ ውሃ ሳይታጠብ ወደ ደኅነኞቹ እንዳይሄድ አዘዘ። ጎረቤታችን ሃዋ አመዱን አየችና ሳቀች። «በረቱን መስጊድ አደረጉት እኮ» አለችኝ፣ «ውዱእ አድርጎ መግባት ብቻ ነው የቀረው።» ሐጂ ግን አልሳቀም። በበቅሎ ከሚሴ ወርዶ የከብት ሐኪም ይምጣልኝ ብሎ ተመዘገበ።

በዚያው ሳምንት ሃዋ የልጅ ልጇን ይዛ ቤት መጣች። ልጁ ንፍጡ ይዝረከረካል፣ ያስነጥሳል። ዘሀራ እጁ ላይ ያለውን ቂጣ ቀማችው፣ እሱ መልሶ ቀማት፣ ሁለቱም ከአንድ ቂጣ ጎረሱ። ሳቅን። ከጥቂት ቀን በኋላ ዘሀራን አተኮሳት፣ ድምፅዋ ተዘጋ፣ ከዚያ እንደ ቡችላ መጮህ ጀመረች።

አሁን ይህን ስሙልኝ። ፍየል ሲያስል እሾህ ያጠረው ቤት ልጅ ስታስል በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። በሽተኛ መጠየቅ አጅር አለው፣ አላህ ይከፍለዋል፤ የሐጂ የልጅ ልጅ ታመመች ከተባለ ደግሞ የማይመጣ የለም። አንዷ ወተት፣ አንዷ ማር፣ አንዷ ጥቁር አዝሙድ ይዛ ትገባለች። ሁሉም ይስሟታል። አፍንጫዋን በነጠላዋ የጠረገች ሴት በዚያው ነጠላ የልጄን ከንፈር ትጠርጋለች። የራሳቸውን ሕፃናት አምጥተው አጠገቧ ያስቀምጣሉ፣ እንድትጽናና። እነዚያም በተራቸው ቤታቸው ገብተው መጮህ ጀመሩ። አንድ ሰው እንኳ «እጃችሁን ታጠቡ» አላለም። አመዱ ለፍየል ነበር።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው መባሉ ነው። አዝያት ፍየል ስለማልብ የፍየሉ ሳል በእኔ ጀርባ ዞሮ ገባባት አሉ። «የብርቄ ጥፋት ነው፣ ልጅነቷ ነው» ይላሉ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ የከብት ሐኪሙ ደረሰ። ወጣት ነው፣ የላስቲክ ቦት ጫማ አድርጓል፣ መድኃኒቱን በሣጥን ይዟል። ሐጂ ፍየሎቹን እየያዘለት ሁሉንም አንድ በአንድ ወጋቸው። ሲጨርስ እጁን ሊታጠብ ወደ ቤት መጣ፤ ሐጂ የቀሩትን ሊያስር በረት ቀርቷል። እኔ ውሃ ሳፈስለት ዘሀራ ጀርባዬ ላይ ሆና አሳለች። ሰውየው እጁ ላይ ሳሙናው እንዳለ ዞረ።

«ስንት ቀኗ ነው?»

«ሁለተኛ ቀኗ።»

አውርጂያት አለኝ። ልብሷን ገለጥ አድርጎ ስትተነፍስ ጎኗን አየ፣ ከዚያ ልክ ሐጂ ፍየሏን እንዳደረገው ጆሮውን ጀርባዋ ላይ ለጠፈ። ያን ሳይ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ጠያቂ ሲያስተናግድ ውሎ ባደረ ቤት፣ ትንፋሿን ያዳመጠላት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

«ከፍየሏ ነው የያዛት?» አልኩት።

ሳቀ። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ? የፍየሉ ሳንባ የፍየል ነው። ይሄ የሰው ነው፣ ከሰው ነው ያገኘችው። ስመዋት፣ አስለውባት ነው።» ወደ በረቱ አየ፣ ወደ ቤቱም አየ፤ ቤቱ ውስጥ አምስት ስድስት ሴቶች ተቀምጠዋል። «ለፍየል እሾህ ያጠረ ሰው ልጅቷን ምነው ጭራሮ እንኳ ነሳት?»

ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። የእሱም ልጅ እንዲህ ሆና ታውቃለች። ሦስት አራት ቀን ትጮኻለች፣ ከዚያ ይተዋታል። ጭስ ካለበት አውጫት፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጫት፣ አታስለቅሷት አለ። ጎኗ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ ትንፋሽ ካቃታት ወይ መጠጣት ካቃታት ግን ሳትቆዩ ከሚሴ ሐኪም ዘንድ ሩጡ። «ጉሮሮዋን ማንም እንዳይነካብሽ» አለኝ መጨረሻ ላይ። አገሩን ያውቃል ማለት ነው።

«ይህንን ለሐጂ ይንገሩልኝ» አልኩት።

«አንቺ አትነግሪያቸውም?»

«አማቴ ናቸው።»

ገባው። ሳሙናውን ታጥቦ እጁን አራገፈ። «እኔ የመጣሁት ለፍየል ነው፣ እህቴ» አለኝ። «በሰው ልጅ ገብቼ ነገ አንድ ነገር ብትሆን የመንደሩ ጣት ወደ ማን ነው?» ከዚያ ምሳ ቀረበለት፣ በላ። ስለ ፍየሎቹ ሐጂን ብዙ መከረው፤ መጋረጃው ኋላ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። ስለ ዘሀራ አንድ ቃል አልወጣውም። ሐጂ እስከ ዋርካው ድረስ ሸኝቶት ሲመለስ «ዱጋ፣ እውነቴን ነው፣ ይሄ ልጅ የሚተነፍስ ነገር ሁሉ ያውቃል» እያለ አመሰገነው።

ለእማማ ነገርኳት። ለእሷ መናገር እችላለሁ። ቁጭ ብላ ሰማችኝና ራሴን ዳሰሰችኝ። «ብርቄ፣ የከብት ሐኪም ስለ ልጅ ምን ያውቃል?» አለች። «አብሽሪ፣ ቆራጩ ነገ ይመጣል። ልኬበታለሁ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘሀራ ቀድማኝ ነቃች። ትኩሳቷ ለቋታል። ሳሉ አለ፣ ጩኸቱ ግን ረግቧል፤ ፉጨቱም ጠፍቷል። የማሽላ ገንፎ በቅቤ አድርጌ ሰጠኋት፣ በላች። ደግማ እጇን ዘረጋች፤ ሁለተኛ ጨመርኩላት፣ እሱንም በላች። ደጅ አወጣኋት፣ ዶሮ አባረረች። ፀሐዩ ገና ከተረተሩ ብቅ ማለቱ ነው። ያን ጠዋት ያየሁት በዓይኔ ነው፤ ማንም አልነገረኝም።

ቆራጩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ነጭ ጋቢ የለበሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ሪሃን የሚሸት ሰው ነበር። ልጅ ሁሉ ይወደዋል ይባላል። ከጨርቅ ውስጥ ጫፉ የጎበጠ ትንሽ ብረት አወጣ።

«እማማ፣ ተሽሏታል እኮ» አልኳት። «ገንፎ በላች።»

«በሽታ ሊያዘናጋ ነው የሚያስበላው» አለችኝ። «ይሄን ያህል አገር አቋርጦ የመጣ ሰው በባዶው ይመለስ?»

በዚህ መሃል ሐጂ ገባ። እኔ ነጠላዬን ጥዬ ወደ መጋረጃው። ሐጂ ቆመና ዘሀራን አያት፣ ዘሀራም ሳቀችለት። ከዚያ አንድ ነገር አደረገ፤ ይህን እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ፊቱን ወደ መጋረጃው መለሰና፣

«ልጅቱ ደህና ትመስላለች። ምራቴ ምን ትላለች?» አለ።

ጠየቀኝ። ያ ሰው ጠየቀኝ። በቀጥታ እንድመልስ አይደለም፣ ለእማማ ሹክ ብላት ትነግረዋለች፤ ወግ ነው። እማማ ግን ወደ እኔ ዞራ እንኳ አላየችም። «እሺ ብላለች» አለች። እኔ አላልኩም። መጋረጃውን በእጄ ይዤዋለሁ፣ አፌ ውስጥ ቃሉ ተቀምጧል፣ «ለኪ»፣ አይሆንም፤ ያቺን አንዲት ቃል ማለት ነው የቀረኝ። ብላት ኖሮ መንደሩ ለአንድ ወር «የሐጂ ምራት አማቷ ላይ ጮኸች» ይል ነበር። ከዚያ ይረሳው ነበር። አላልኳትም።

ሁለት ሴቶች ያዟት። የሆነውን በዝርዝር አልናገርም፣ ሥራው የአንድ አፍታ ነበር። ቆራጩ «ቢስሚላህ» አለ፣ ዘሀራ ጮኸች፣ ከዚያ ጩኸቱ ታፈነ፣ የእማማ ነጠላ ቀላ። ደሙ እስከ ቀትር አላቋረጠም። ከዚያ ደግሞ አዲስ ትኩሳት መጣ፣ ከፊተኛው የከፋ። አንድ ወር ሙሉ ወተት ባጠጣኋት ቁጥር በአፍንጫዋ ተመልሶ ይወጣል። ገንፎ እጇን ዘርግታ የጠየቀችኝ ልጅ ማንኪያ ስታይ አፏን የምትዘጋ ሆነች። ባሌ ከቆላ ሲመለስ ልጁን አላወቃትም።

አላህ ብሎላት ተነሣች። ሲሻላት ቤቱ በደስታ ሞላ። ሐጂ ቆራጩን አስጠርቶ ከፍየሎቹ አንዷን ለምስጋና ሰጠው፤ መርጦ የሰጠው ያቺን መጀመሪያ ያሳለችውን ቀይ ፍየል ነው። በመርፌ ድናለች፣ ወፍራለች። መርፌ ያዳናትን ፍየል ብረት ለያዘው ሰው። ሁሉም «እጁ ይባረክ» አሉ። እኔም አልኩ።

ከፍየሎቹ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው።

በዚያው ሰሞን ከታች መንደር ሌላ ሕፃን ተቆርጣ ደሟ አልቆም ብሎ ሞተች። እናቷ ዕኩያዬ ናት፣ ውሃ አብረን እንቀዳለን። ለቅሶ ቤት ሄድን። «ቀደሯ ነው፣ አላህ የጻፈላት ነው» ተባለ፣ ቆራጩም መጥቶ ዱዓ አደረገ፤ ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀለት። ቀደርን የማምን ሰው ነኝ፣ አስተግፊሩላህ። ግን ይህ ምን ዓይነት ሚዛን ነው? ልጅ ስትድን ብረቱ አዳናት። ስትሞት ቀደሯ ነው። ብረቱ ምስጋናውን እየሰበሰበ ወቀሳውን ወደ ሰማይ ይልካል።

ዘሀራ አደገች። ድምፅዋ በአፍንጫዋ ቀረ። እረኞቹ «ጠርሙስ የገባች ንብ» ይሏት ነበር፤ እየሮጠች ትመጣና ቀሚሴ ውስጥ ትገባለች። ሴት አያቷ ጭኗ ላይ አስቀምጣ «ተያቸው፣ አንቺ እኮ ከሞት የተረፍሽ ነሽ፣ አባባ ነው ያተረፈሽ» ትላታለች። ይህ አጽናናት። እኔ ምን ላድርግ? ያጽናናትን ነገር ከእጇ ልንጠቅ? አንድ ዓመት ዝም አልኩ፣ ከዚያ አሥር ዓመት፣ ከዚያ ዝምታው ራሱ የቤት ዕቃ ሆነ።

እንግዲህ ባለፈው ኅዳር ሳሎኑ ውስጥ ቆመን ዘሀራ «እኔን አላዳነኝም?» ስትለኝ፣

«አላዳነሽም» አልኳት። «እሱ ሲመጣ ድነሽ ነበር።»

«ማን አለ?»

«እኔ አየሁ። ያን ጠዋት ገንፎ ሁለቴ በልተሻል፣ ዶሮ አባረሻል። አያትሽ ጠየቀኝ፣ ዝም አልኩ።»

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ሙና ያሲንን እንዳቀፈች ትሰማለች። ዘሀራ ስልኩን አስቀመጠች። የተቆጣችው በቆራጩ አልነበረም።

«ሃምሳ ዓመት» አለች። «ለዒድ ዳቦውን በራሴ ተሸክሜ ስወጣ በሩ ላይ ቆመሽ ‹ሰላም በዪልኝ› ትዪኝ ነበር። ሲይዙኝ የት ነበርሽ?»

«ከመጋረጃው ኋላ።»

«ምን ታደርጊ?»

ወደ ሙና ዞርኩ። «አንቺ እናቱ ነሽ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» ልላት አፌን ስከፍት እሷ ያሲንን በጋቢ ጠቅልላ ተነሥታለች። የልጁ ጎን ወደ ውስጥ መሰረጎድ ጀምሯል፤ እኛ ስንጨቃጨቅ እሷ እሱን ነበር የምታየው።

«እናንተ ጨርሱ» አለች። «እኔ ልጄን ይዤ ሄድኩ።»

ሁለታችንም ነጠላችንን እየጎተትን ተከተልናት፤ አንድ ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን።

ጤና ጣቢያ የተቀበለችን ልጅ ከሙና አትበልጥም። ትንፋሹን ቆጠረች፣ አዳመጠች፣ አንድ ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት አጠጣችው፣ እናቱ ጭን ላይ ሳያለቅስ እንዲቆይ አደረገች። ቀትር ሳይደርስ ፉጨቱ ላላ። የአየር መንገዱ አብጦ ነው አለችን፤ የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ በሳልና በእጅ ይተላለፋል። ስሙን ሙና ስልኳ ላይ ጻፈችው፣ ፓራኢንፍሉዌንዛ። ትልልቁን ሰው ጉንፋን መስሎ ያልፈዋል፣ የትንንሹን ጠባብ ጉሮሮ ግን ያንቃል። «ፍየልስ?» አልኳት። ፈገግ አለች። «ከብቱም፣ በጉና ፍየሉም የራሳቸው አላቸው፣ እማማ። ቫይረሶቹ ዘመዳሞች ናቸው፣ የዚህ ልጅ ግን ከሰው ነው።» ያ ቦት ጫማ ያደረገ ልጅ ሳሙና በእጁ ይዞ ያለኝን ነው የደገመችልኝ። በማን እንደተናደድኩ ልንገራችሁ? እውነቱ ያኔም ነበር። ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር። እጁን አስታጥበን፣ አብልተን ሸኘነው።

በሐጂ አልፈርድም፣ ጠይቋል። በእማማ እፈርዳለሁ፣ እወዳታለሁም። በዚያ ሐኪም እፈርዳለሁ፤ ለፍየል የተናገረበት አፍ ለልጅ ለምን ተዘጋ? ባል ቤት ገብቶ ዝም ማለትን ጨዋነት ብሎ ባስተማረኝ አገር እፈርዳለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ የሚቀረኝ ፍርድ አለ፤ እሱን ስሰግድ ለአላህ ነው የማቀርበው፣ ለሰው አይደለም።

ዘሀራ ለሁለት ሳምንት ዘጋችኝ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተባለ ገብታ ዱቄቱን ከእጄ ተቀብላ መንፋት ጀመረች። ያን ነገር አላነሣንም። ዒድ ሲመጣ ግን ጠዋት ልብሷን ለብሳ ወደ ቆራጩ ልጅ ቤት መሄዷን ሰማሁ። ዳቦ አልጋገረችም። ከሰዓት በኋላ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

«ሄድሽ?» አልኳት።

«ሄድኩ። ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«አልተቆጣም። ‹አባቴ በዕድሜው ከቆረጣቸው አንድም ሰው ወቅሶት አያውቅም› አለኝ።»

«አንቺስ?»

ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች። «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ብለህ ቁጠር አልኩት።»